አንድ ቦታ፣ ሦስት ይሉኝታ

በክሮምሾ ሸለቆ ጌይል ሆልሮይድን የማያውቅ ሰው ካለ፣ የራሱ መኪና ያለው መሆን አለበት። ከባቡር ጣቢያው ተነስቶ፣ የድንጋይ አጥሮቹን እየታከከ፣ እስከ ረግረጉ አፋፍ የሚወጣውን አውቶቡስ የምትነዳው እሷ ናት። አርባዎቹን አጋምሳለች። ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ወፍራም፣ ሳቋ ከሞተሩ በላይ የሚሰማ ነው። ሽማግሌ እየሮጠ ሲመጣ ካየች ቆማ ትጠብቃለች፤ ጎረምሳ ሲሮጥ ካየችም ትጠብቃለች፣ ግን መጀመሪያ ትንሽ ታስሮጠዋለች።

አንድ ጉድለት አለባት፤ ለራሷ መጠየቅ አትችልም። ለሌላ ሰው ከሆነ አንበሳ ናት፤ ለአንዲት አሮጊት የፌርማታ ወንበር እንዲተከል ብላ ከድርጅቱ ኃላፊ ጋር አንገት ለአንገት ትያያዛለች። ለራሷ ሲሆን ግን ምላሷ ይታሰራል። ምግብ ቤት ገብታ ያላዘዘችውን ቢያቀርቡላት አመስግና ትበላለች። ፀጉሯን ያበላሸባትን ፀጉር ሠሪ «በጣም አምሯል» ብላ፣ ጉርሻ ጨምራ ከፍላ፣ ሳምንቱን በኮፍያ ትከርማለች። መንገድ ላይ እግሯን የረገጣትን ሰው ይቅርታ የምትጠይቀው እሷ ናት። እርግጥ ይህ የእሷ ብቻ ጠባይ አይደለም፣ አገሩ በሙሉ እንዲህ ነው፤ ጌይል ላይ ግን ትንሽ በዛ። ቧንቧ ሠራተኛው ባሏ ክላይቭ፣ «ቤታችን ቢቃጠል የእሳት አደጋ ሰዎችን ‹ሲመቻችሁ ብቅ በሉ› ብላ ነው የምትጠራቸው» እያለ መጠጥ ቤቱን ያስቃል።

ከዓመታት በፊት በገና ሰሞን ወንዙ ሞልቶ የታችኛውን መንደር አጥለቀለቀው። የጌይልን እናት ክላይቭ በጀርባው አዝሎ ከቤታቸው አወጣቸው። አሮጊቷ ተረፉ፣ ቤቱ ግን ዳግም ሰው የሚገባበት አልሆነም። ጡረተኞች መኖሪያ ገቡና እዚያው አረፉ፤ እስከ መጨረሻዋ ቀን «መቼ ነው ቤቴ የምገባው?» እያሉ ነበር። ጌይል ያንን ጥያቄ መርሳት አቃታት።

አንድ ቀን ቦት ጫማው በጭቃ የተለወሰ ተሳፋሪ ከአፋፉ ተሳፈረና፣ ጥፋቱ የወንዙ አይደለም፣ ከላይ ነው አላት። ረግረጉ ድሮ እዚህ ሰው ሞስ በሚለው አረንጓዴ ነገር የተሸፈነ ነበር፤ ሣርም ቅጠልም ያልሆነ፣ እንደ ስፖንጅ ዝናቡን መጥጦ ቀስ እያደረገ የሚለቅ። ቦይ ተቆፍሮ ረግረጉ ሲደርቅ ሞሱ ሞተ፤ ዝናቡም ማረፊያ አጥቶ በአንድ ጊዜ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ሰውየው ይህን ብሎ በሚቀጥለው ፌርማታ ወረደ። ነገሩ ግን ከጌይል ጋር ቀረ።

በርቀት ትምህርት ጀመረች። አውቶቡሱ ላይኛው ፌርማታ ላይ ሲቆም መሪው ላይ መጽሐፍ ዘርግታ ታነባለች፤ ተሳፋሪ ሲመጣ ታጥፈዋለች። እንዲህ ስትወጣ ስትወርድ ዲግሪዋን ያዘች። ከዚያ ከኮረብታው ማዶ ባለው ዩኒቨርሲቲ፣ ፈረቃ እያቀያየረች ማስተርሷን ጨረሰች። እዚያ ያስተማረቻት ሞርዌና ፔንሮዝ ትባላለች፤ በረግረግ ጥናት ስሟ የተጠራ ዶክተር፣ ግን ውሻዋን እንኳ «ይቅርታ» ብላ ከሶፋ የምታስነሳ ሴት። መጀመሪያ ሰሞን ጌይል «እርስዎ» ስትላት፣ «እባክሽ ሞርዌና በይኝ፣ ካላስቸገርኩሽ» አለቻት። ሁለቱ ሲተዋወቁ በሩ ላይ «አንቺ ግቢ፣ አንቺ ግቢ» ሲባባሉ ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ምንም አልቀረው።

ባለፈው ፀደይ ሞርዌና ማስታወቂያ አወጣች። በክሮምሾ ረግረግ ላይ የሚሠራ የዶክትሬት ምርምር፤ ሞሱ ተመልሶ ቢተከል ጎርፉን ምን ያህል ያዘገየዋል የሚል። የትምህርት ክፍያው ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ፣ ተማሪውም እስኪጨርስ የሚኖርበት ገንዘብ በየወሩ የሚሰጠው። ቦታው አንድ ብቻ። ዩኒቨርሲቲዎቹ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በየዓመቱ ያወጣሉ፤ አንዱ ስለ ኮከብ፣ አንዱ ስለ ሳንባ፣ አንዱ ስለ ድሮ ሸማኔዎች። በዚህ ረግረግ ላይ ግን ሌላ እስኪወጣ ጌይል ጡረታ ትወጣለች። በራሷ ገንዘብ ልማር ብትል ደግሞ እሷና ክላይቭ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠርተው አይዘልቁትም። ስለዚህ ይህ ቦታ ከተገኘ ተገኘ፣ ካልተገኘ ምኞቷ እዚያው መሪው ላይ ታጥፎ መቅረቱ ነበር።

ለቃለ መጠይቅ ከተጠሩት ጥቂት ሰዎች አንዷ ሆነች። ከጠዋት ፈረቃ በቀጥታ ስለመጣች ከሸሚዟ በላይ የድርጅቱን ሰማያዊ ሹራብ ለብሳለች። ኮሪደሩ ላይ አንድ ረጅም ቀጭን ልጅ ተቀምጧል፤ ፈርገስ ሊድጌት ይባላል፣ ዲግሪውን በቅርቡ ነው የጨረሰው። ከፍርሃቱ የተነሳ የያዘውን ሻይ ነጭ ሸሚዙ ላይ ደፋው።

«አለቀልኝ» አለ።

«ገና ሳትገባ?»

«እስቲ ይዩት። የዓለም ካርታ እኮ ነው የመሰለው።»

ጌይል ሹራቧን አውልቃ ዘረጋችለት። «እንካ፣ ይህን ከላይ ደርብበት።»

«የሥራ ልብስዎ አይደለም እንዴ? ኧረ ይተዉት፣ አላስቸግርዎትም።»

«ልበስ ብዬሃለሁ። ምንድነው ካሉህ፣ አውቶቡስ እየነዳሁ ነው የመጣሁት በላቸው።»

ልጁ ሳቀና ፍርሃቱ ለቀቀው። ቀድሞ ገባ፤ ሲወጣ ፊቱ በርቷል። ጌይል ተራዋ ደርሶ ስትገባ ሞርዌናና ሁለት ባልደረቦቿ ጠረጴዛው ጋ ተደርድረዋል። ስለ ረግረጉ ሲጠይቋት ጥሩ መለሰች። መጨረሻ ላይ አንደኛው፣ «ይህን ቦታ ለምን ላንቺ እንስጥ?» አላት።

«እኔ እንኳ...» አለች ጌይል። «መንገዱን አውቀዋለሁ፣ ያው በየቀኑ ስለምወጣው። ግን እውነቱን ለመናገር አሁን የወጣው ልጅ ከእኔ ይሻላል። ሹራቡን አትዩበት።»

ሞርዌና ዓይኗን ጨፈነች። በዚህ አገር ራስን ማሞገስ ከነውር እንደሚቆጠር የታወቀ ነው፤ ቢሆንም ሰው ለሥራ ተጠርቶ ለተፎካካሪው ዋስ አይቆምም። ጠያቂዎቹ ምን ያድርጉ? ሴትዮዋ ራሷ ልጁን ውሰዱ ካለች ልቧ አልፈለገውም ማለት ነው ብለው ፈርገስን አንደኛ፣ እሷን ተጠባባቂ አደረጉ። የመጀመሪያው ሰው ካልመጣ ቦታው ያንቺ ነው፣ ነገሩ ሲለይ እናሳውቅሻለን የሚል መልእክት ደረሳት። በዚያው ሰሞን ሹራቧም ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ከምስጋና ካርድ ጋር በፖስታ ተመለሰላት።

ጥበቃው ተጀመረ። ፀደዩ አለቀ፣ አጥሩ ሥር ያሉት አበቦች ረገፉ፣ ግልገሎቹ አደጉ፤ ከዩኒቨርሲቲው ድምፅ የለም። ጌይል እንቅልፍ አጣች። ክላይቭ ደግሞ ትዕግሥት አጣ።

«ደውይላት። ምን አለበት?»

«ሥራ ላይ ናት፣ ክላይቭ።»

«ሥራዋ እኮ አንቺ ነሽ!»

«ችክ አልልባትም። ነገሩ ሲለይ ትነግረኛለች።»

«ሲለይ፣ ሲለይ። ደንበኞቼ ሁሉ እንዳንቺ ሲለይ የሚደውሉ ቢሆን ይሄኔ ግማሹ ሸለቆ ሰምጦ ነበር።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ክላይቭ ስለ መስጠም ማን ፊት እንደተናገረ የገባው ካለ በኋላ ነው። ተነስቶ ሻይ ቀዳላት፣ ወተቱንም እሷ እንደምትወደው አድርጎ ጨመረላትና አጠገቧ ተቀመጠ።

ነገሩ የት እንደተቀረቀረ ጌይል የሰማችው በኋላ ነው። ፈርገስ ሌላም ቦታ አመልክቶ ኖሯል። ስኮትላንድ ውስጥ፣ የሴት ጓደኛው ባለችበት ከተማ፣ በባሕር አረም ላይ የሚሠራ እንዲህ ያለ የዶክትሬት ቦታ አግኝቶ እሺ ብሏል። ለሞርዌና ግን አልነገራትም። ሴትዮዋ ረግረጉን ልታሳየው ይዛው ወጥታለች፣ የዝናብ ካፖርቷን አውሳዋለች፣ ቤቷ ወስዳ ፓይ ጋግራ አብልታዋለች፤ ታዲያ በየት አፉ እምቢ ይበላት? ጠዋት ጠዋት «ውድ ዶክተር ፔንሮዝ» ብሎ ይጀምርና ይሰርዘዋል። መጀመሪያ እምቢ ማለት አሳፈረው፤ ቀጥሎ መዘግየቱ አሳፈረው፤ ከዚያ በኋላማ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ።

ሞርዌናስ? የወሩ መጨረሻ ዓርብ፣ የዩኒቨርሲቲው ቢሮ ሳይዘጋ የተማሪ ስም ካልገባ ገንዘቡ ወደ ሌላ ክፍል፣ ስለ ኮንክሪት ወደሚያጠኑት እንደሚሄድ ታውቃለች። እያወቀች ለልጁ ምን ብላ ጻፈችለት? «ምንም አትቸኩል፤ ረጋ ብለህ አስብበት።» ለጌይል ደግሞ በከንቱ ተስፋ እንዳልሰጣት ብላ ምንም አልጻፈችም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእነዚህ የሦስቱ ግን ነቅዞ ዱቄት ሊሆን ነበር። አንደኛው ለመናገር፣ ሁለተኛዋ ለመጠየቅ፣ ሦስተኛዋ ለማጣደፍ እያፈሩ፣ አንዱን ቦታ ሦስት ሆነው ተቀመጡበት።

ጌይል በራሷ ጊዜ ተስፋ ቆረጠች። ልጁ ቦታውን ይዞታል፣ ለእኔ መንገር ከብዷቸው ነው አለች በልቧ። ይህን ካመነች በኋላ የሚቀራት አንድ ግዴታ ብቻ ነበር። እዚህ አገር ለሁሉም ነገር ካርድ ይላካል፤ ልጅ ለወለደ፣ ቤት ለቀየረ፣ ድመቱ ለሞተችበት፣ ካርድ ስለላከ ለማመስገን ሳይቀር። ለፈርገስ እንኳን ደስ አለህ ሳይሉ መቅረት ቅናት ነው የሚመስለው።

ክላይቭ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ ስትጽፍ አያት። «ማን ሞተ ብሎሽ ነው የምትቀብሪው? ማለፉን ነገሩሽ?»

«መናገር አያስፈልግም፣ ይገባል።»

«ለወሰደብሽ ሰው ምርቃት! ባንዲራም ላኪለት እንግዲህ።»

«እሱ ምን አጠፋ?» አለች፣ እንባዋ እየመጣ። «ዝም በለኝ ክላይቭ፣ ልጨርሰው።»

ካርዱ ላይ ቢራቢሮ አለ። ውስጡ እንዲህ ብላ ጻፈች፤ «ፈርገስ፣ እንኳን ደስ አለህ። ሌላ ሰው ከሚሆን አንተ መሆንህ ደስ ይለኛል። ረግረጉን አደራ። ወደ ላይ ስትመጣ በእኔ አውቶቡስ ና፣ ጭቃው የማይውጥህን መንገድ አሳይሃለሁ። ስልኬ ከታች አለልህ።» ቁጥሩ እንዳይሳሳትበት ብላ ሁለቴ ጻፈችው።

ካርዱ ፈርገስ እጅ የገባው ዓርብ ነው፤ ያው የወሩ መጨረሻ ዓርብ። ጌይል ከምሳ በኋላ ላይኛው ፌርማታ ላይ ቆማ፣ ዝናቡ መስታወቱን እየደበደበው፣ የቺዝ ሳንድዊቿን ስትገምጥ ስልኳ ጠራ።

«ወይዘሮ ሆልሮይድ? ፈርገስ ነኝ። ካርድዎ ደረሰኝ።»

«እሰይ። እንዴት ነህ? ተዘጋጀህ?»

ልጁ ተንተባተበ።

«እኔ እኮ... ቦታውን አልወሰድኩትም። ስኮትላንድ ነው የምሄደው። እዚያ እሺ ካልኩ ቆይቷል። ለዶክተር ፔንሮዝ ግን እየጻፍኩ እየሰረዝኩ እስካሁን አልነገርኳትም። እንዴት ብዬ ልንገራት? ፓይ ጋግራ አብልታኛለች እኮ።»

ጌይል «አይ፣ ምንም አይደል» ልትል ነበር። ቃሉ ጥርሷ ላይ ደርሷል። ግን ምን ማለት ነው ምንም አይደል? ያ ሁሉ ያልተተኛችው ሌሊት ምንም አይደለም? ሳንድዊቹን አስቀመጠችው።

«ስማኝ ፈርገስ። ደግ ልጅ ነህ፣ አውቃለሁ። ግን የማትበላውን ሳህን ይዘህ ቆመሃል፣ እኔ ደግሞ ርቦኛል። ተጠባባቂዋ እኔ ነኝ።»

«ወይኔ። ወይዘሮ ሆልሮይድ፣ በጣም ይቅር...»

«ይቅርታህን ሌላ ቀን እቀበልሃለሁ። አሁን ለሞርዌና ደውል። አልመጣም በላት፣ በቃ። ፓይውን እንዳታነሳ።»

«መልእክት ብጽፍላትስ?»

«ስትጽፍ አይደል የከረምከው? በአፍህ ንገራት። አሁኑኑ።»

ስልኩን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በዕድሜዋ ለራሷ ጉዳይ ሰው ስትቆጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ደግሞም ደስ አላት። የመነሻ ሰዓት ደርሶ ነበርና ተሳፋሪዎቹን አሳፍራ ቁልቁለቱን ጀመረች። ሹፌር እየነዳ ስልክ አይነካም። ከመጠምዘዣው ሳይደርሱ ስልኩ ቦርሳዋ ውስጥ መጮህ ጀመረ።

ፊተኛው ወንበር ላይ ሚስስ አክሮይድ ተቀምጠዋል፤ በየሳምንቱ ዓርብ ወደ ገበያ የሚወርዱ፣ የሸለቆውን ወሬ ሁሉ የሚያውቁ አሮጊት ናቸው።

«ስልክሽ ይጮኻል፣ የኔ እናት» አሉ።

«ይጩህ።»

«ላንሳልሽ?»

«ኧረ ይተዉት፣ አላስቸግርዎትም።»

«ምን ያስቸግራል?»

«አይ፣ እውነቴን ነው፣ ይተዉት።»

እንዲህ ሲግደረደሩ ስልኩ ጮኾ ጮኾ አቆመ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ጀመረ። አሮጊቷ «ይህ ሰውዬ አጥብቆ ፈልጎሻል» አሉ። ጌይል አላስቻላትም። አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ጋ ያለው ፌርማታ ላይ ጥግ ያዘች፣ ፍሬኑን ሳበች፣ ሞተሩን አጠፋችና ዞራ፣ «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አንድ ስልክ ላንሳ» አለች። ተሳፋሪዎቹ በሙሉ ወደ መስኮቱ ዞረው በጉም የተሸፈነውን ኮረብታ አተኩረው ማየት ጀመሩ። አንድ ቃል ግን አላመለጣቸውም።

«ጌይል? ሞርዌና ነኝ። ይቅርታ፣ ባልሆነ ሰዓት ደወልኩብሽ?»

«ጥሩ ሰዓት ነው። ንገሪኝ።»

«ፈርገስ ደወለ። አይመጣም። ቦታው ያንቺ ነው። ግን ስምሽን ቢሮው ሳይዘጋ ማስገባት አለብኝ፣ አለዚያ ገንዘቡ ዛሬውኑ ለሌላ ክፍል ይተላለፋል። ላጣድፍሽ አልፈልግም እንጂ... ማሰብ ካለብሽም እረዳሻለሁ...»

ጌይል አፏን ከፈተች። ምን ሊወጣ እንደሆነ ታውቃለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሲወጣ የኖረው ነው። እርግጠኛ ነሽ? ከእኔ የተሻለ ሰው ካለስ? ካላስቸገርኩ። በመስታወቱ ላይ ዝናቡ ይወርዳል፤ ከዚህ ዝናብ ግማሹ ማታ የት እንደሚደርስ እሷ ታውቃለች። ቤታቸውን እየጠየቁ የሞቱት እናቷ ትዝ አሏት።

«እፈልገዋለሁ» አለች።

«አዎ ማለትሽ ነው?»

«አዎ ነው፣ ሞርዌና። የማስበው የለኝም። ስሜን አስገቢ፣ እኔ እዚሁ እጠብቅሻለሁ።»

የኮምፒውተሩ ቁልፎች ሲንኳኩ ተሰማት። ተንኳኩ፣ ቆሙ፣ እንደገና ተንኳኩ። አውቶቡሱ ውስጥ የሚያስል እንኳ ጠፋ።

«ገባ» አለች ሞርዌና። ድምፅዋ ተሰባብሯል። «ጌይል፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንቺን ነበር የፈለግኩት። ግን ልጁ ይሻላል ስትዪ፣ ጫና ልፈጥርብሽ አልፈለግኩም...»

«ፍጠሪብኝ» አለች ጌይል። «ከዛሬ ጀምሮ ፍጠሪብኝ።»

ስልኩን አስቀመጠች። ወራት ሙሉ ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ለቀቃትና፣ ምን ያህል ይከብድ እንደነበረ ያን ጊዜ ገባት። ግንባሯን መሪው ላይ አስደግፋ አለቀሰች፤ እየሳቀች ነው ያለቀሰችው። እፎይ፣ እፎይ ትላለች። ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ቀስ ብሎ መሐረብ አቀበለ፤ መሐረቡም ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ እሷ ጋ ደረሰ። ማንም ምን ሆነሽ አላላትም፣ ማንም ሰዓቱን አላየም። ፊቷን ጠርጋ ሞተሩን አስነሳች።

ጣቢያው ደርሰው ሰው ሲወርድ፣ እንደ ልማዱ «አመሰግናለሁ ሹፌር» እያለ ወረደ፤ አንዳንዱ ትከሻዋን ነካ አድርጎ። ሚስስ አክሮይድ መጨረሻ ቀሩና በሩ ላይ ቆም አሉ።

«እንኳን ደስ አለሽ፣ የኔ እናት። የሚገባሽ ነው።»

ሌላ ቀን ቢሆን፣ ኧረ ዕድል ነው፣ ልጁ ስለተወው ነው እንጂ ትል ነበር። ያ ሐሰት አይሆንም ነበር።

«አዎ» አለች ጌይል። «የሚገባኝ ነው።»

ሚስስ አክሮይድ እንዲህ ያለ መልስ ስላልጠበቁ ትንሽ ደነገጡ። ከዚያ ሳቅ ብለው ጃንጥላቸውን ዘረጉና ወረዱ።